ሦስቱና ዘጠና ሰባቱ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ሥርዓተ ትምህርት ለመናገር በዚህ ምሽት በፊታችሁ ቆመናል። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ጥቂት ጓደኛሞች ተሰብስበን ነው። የመጣነውም እንደ ሊቃውንት ልናስተምራችሁ አይደለም፤ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ አልፈን እንዳደግን ልጆች ያየነውንና ያሰብነውን ሳንሸሽግ ልናቀርብላችሁ ነው እንጂ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር በኛው አቈጣጠር ናቸው።

ነገራችንን በቁጥር እንጀምራለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቬርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ጥቂት ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ልጆች ሦስቱ አለፉ፤ ዘጠና ሰባቱ ወደቁ ማለት ነው። ከወደቁትም አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል አግኝተዋል፤ የሚበዙት ግን አላገኙም።

ውጤቱ በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለ ፈተና ተነጋገረ። ስርቆት ስለ መቅረቱ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ተማሪው ስንፍና ብዙ ተባለ። እኛ ግን ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ዐሥራ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ተቀምጠዋል። ፈተናውን ባያልፉ እንኳ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ምን ይዘው ወጡ? ሥርዓተ ትምህርቱስ የተሠራው ለማን ነው? ለሦስቱ ነው ወይስ ለዘጠና ሰባቱ?

ይህን ስንጠይቅ እኛ ራሳችን በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ካለፉት ወገን መሆናችንን አንዘነጋም። የሚመቸን ዝም ማለት ነበር። ነገር ግን ያለፈ ሰው ስላልተሻገሩት ካልተናገረ ማን ይናገራል?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዳንዶቹ በአዳማ ለሠፈር ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ የገጠማቸውን ነገር እንንገራችሁ። በፊዚክስ የወደቀ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ትምህርቱ ስለ «ፍሪክሽን» ነበረ። ልጁ ቀመሩን ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስት ጊዜም ተሳሳተ። ከሰዓት በኋላ በአጎቱ የባጃጅ ጋራዥ እንደሚሠራ ስለ ነገራቸው በማግሥቱ ሊያዩት ሄዱ። ልጁም እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ሆኖ የአንዲት ባጃጅ ፍሪሲዮን ሲፈታ አገኙት። ለምን እንደሚፈታው ጠየቁት። እሱም ሳህኖቹ አልቀው ልሰው መንሸራተታቸውን፣ ሲንሸራተቱ መጋላቸውን፣ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ኀይል የሚያጣው ስለዚህ መሆኑን፣ ዘይቱ ዐይነቱ የተለወጠ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ አንድ በአንድ አስረዳቸው።

«ይኸ እኮ ትናንት አልገባኝም ያልከው ነገር ነው!» አሉት።

ልጁ ፈገግ አለና «አይ ቲቸር፣ ያ ትምህርት ነው፤ ይሄ ሥራ ነው» ብሎ መለሰ።

ጓደኞቻችን፤ ፍሪሲዮንና ፍሪክሽን አንድ ቃል መሆናቸውን ለዚህ ልጅ የነገረው ሰው አልነበረም። አንዱን ከጣሊያንኛ ተቀብሎ ጋራዡ አስተማረው፤ ሁለተኛውን ከእንግሊዝኛ ተቀብሎ ክፍሉ አስተማረው። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሠራለት ግን የለም። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ልጅ መልስ ውስጥ አለ። ትምህርትና ሥራ ሁለት አገር ሆነው ተለያይተዋል፤ ሥርዓተ ትምህርትም በተለወጠ ቁጥር ድንበሩ ይታደሳል እንጂ አይፈርስም።

ይህ መለያየት ትናንት የመጣ አይደለም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም የሚጠራ ኅብረተሰብ ነበረን። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 በስማቸው የተከፈተው የመጀመሪያው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን በብዛት የሚያስተምረው የውጭ ቋንቋዎችን ነበረ፤ መንግሥቱ የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበረና። ለዘመኑ ተገቢ ነበረ። ይሁን እንጂ ከዚያ ጀምሮ በሕዝቡ አእምሮ «የተማረ» ማለት ከእጅ ሥራ የተለየ ሰው ማለት ሆኖ ቀረ። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባልም የታሰበው ብዕር የያዘው ነው እንጂ መፍቻ የያዘው አልነበረም።

በ1950ዎቹ ዓመቶች በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ ወርክሾፕ፣ የእርሻ፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት አብረው ገቡ። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ወደ ዩኒቬርሲቲ የሚያስገባው በር የማትሪክ ፈተና ስለ ነበረ የብዙው ተማሪና የብዙው ወላጅ ዐይን ከወርክሾፑ አልፎ ማትሪኩ ላይ ተተከለ።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የሚባለው ተካሄደ። ከዋና ዋና ሐሳቦቹ አንዱ አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ አጭርና ለኑሮው የሚጠቅም መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን እንዲወሰን ነበረ። ወሬው በተሰማ ጊዜ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውና ወላጁም ተቃወመ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ለፈነዳው ንቅናቄ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሆነ። ይህን ታሪክ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ሁሉ በልቡ ሊይዘው ይገባል እንላለን። ሕዝቡ የተቃወመው የእጅ ሥራን አልነበረም፤ «ለናንተ ልጆች መዶሻ፣ ለኛ ልጆች ዲግሪ» የሚል መልእክት ስለ ሰማ ነው።

ከዚያም በኋላ በደርግ ዘመን ትምህርትን «ፖሊቴክኒክ» በሚል ስም ከምርት ጋር ለማዋሐድ ታሰበ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አቆመ። ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ሆነ። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞች በየከተማው መበርከታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ በውስጣቸውም የታታሪ መምህራን ድካም አለ። ነገር ግን ሙያ የወደቀ ሰው መሄጃ ከሆነ ማን በደስታ ይማረዋል? ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና በቅርብ ዓመቶች ቀርቷል፤ በፈተናው የተተከለው ሐሳብ ግን ገና በየቤታችን አለ። «ልጅሽ የት ገባ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «ቴክኒክና ሙያ» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

በዚህ ነገር የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1967 የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ስለ ትምህርትና ራስን ስለ መቻል ባወጡት ጽሑፍ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ መሸጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በራሱ የተሟላ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤቱም እርሻና ሥራ እንዲኖረው አሳሰቡ። ሐሳቡ ታላቅ ነበረ። ሆኖም በብዙ ቦታ የትምህርት ቤቱ እርሻ ከትምህርቱ ጋር ሳይገናኝ ተጨማሪ ድካም ብቻ ሆነ። ወደ ላይ የሚያሳልፈው አሁንም የወረቀት ፈተና ነበረና። ከዚህ የምንማረው፣ በመጽሐፍ የተጻፈው ምንም ቢሆን እውነተኛው ሥርዓተ ትምህርት ፈተናው መሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ ዐይናችንን ወደ ራሳችን ከተሞች እንመልስ። «የሚለዋወጥ ዘመናዊ ዓለም» የሚባለውን ለማየት ከአዳማ መውጣት አያስፈልግም።

ይህችን ከተማ ካሳደጓት ነገሮች አንዱ የባቡር ሐዲድ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር የራሱ ሙያና የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ «ለገሃር» የሚለው ቃል ራሱ የዚያ ቅርስ ነው። ያ ባቡር አርጅቶ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ያንቀሳቀሱት ግን የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። የአባትየው የእንፋሎትና የናፍጣ ሙያ ለልጁ አልበቃውም።

ወደ ደቡብ ጥቂት ወረድ ስንል ወንጂን እናገኛለን። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዶች ኩባንያ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከገጠር የመጡ ሰዎች ቦይለሩን፣ ተርባይኑንና የስኳር ማብሰያውን በሥራ ላይ ተማሩ፤ ወንጂ የሠራተኛ መንደር ብቻ ሳትሆን የሙያ ትምህርት ቤትም ሆነች። ዛሬ እነዚያ አሮጌ ፋብሪካዎች ተዘግተው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል።

ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ ደግሞ የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102፣ በድምሩ 136 ሲሆኑ የማመንጨት ዐቅማቸው 204 ሜጋዋት ነው። የከተማችን ልጅ በየቀኑ ያያቸዋል። ነገር ግን አንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋዋት ሊያመነጭ የሚችል መሆኑን፣ ይህም ስንት ምጣድ እንደሚያሞቅ በሒሳብ ክፍል አስልቶ ያውቃልን?

በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ ደቡብ ብንቀጥል ከጎረቤታችን ከሲዳማ እንደርሳለን። እዚያም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ ይልቁንም ሴቶችን ለልብስ ስፌት ቀጠረ። በአዳማም በ2011 ዓ.ም. መግቢያ እንዲሁ ፓርክ ተከፈተ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል ስትወጣ ከሐዋሳ ስመ ጥር ኩባንያ ለቆ ሄደ። ቀኑን ሙሉ አንዲት እጅጌ ብቻ መስፋት የተማረች ልጅ፣ የእጅጌው ገበያ በሌላ አህጉር በተላለፈ ውሳኔ ሲዘጋ ምን ይዛ ትወጣለች? ሙሉ ልብስ መለካት፣ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ዋጋ ማውጣትና ሒሳብ መያዝ ብትችል ኖሮ ግን መኪናዋን ገዝታ በራሷ ደጃፍ መቀመጥ ትችል ነበር።

በዚህም ምክንያት «ሥርዓተ ትምህርት ለገበያው ፍላጎት ይዘጋጅ» ሲባል እኛ ግማሹን ብቻ እንቀበላለን። ገበያው ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይፈጥናል። ለአንድ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ልጅ ሥራው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከባቡር ወደ ባቡር፣ ከስኳር ወደ ነፋስ ሲዞር የማይሻር ችሎታ ግን አለ። እሱም በትክክል መለካት፣ ንድፍ ማንበብ፣ ብልሽትን በሥርዓት ፈልጎ ማግኘት፣ ገቢና ወጪን መያዝ፣ የሠሩትን ለሌላ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት፣ ከሌላውም ጋር ተባብሮ መሥራት ነው። እነዚህ ደግሞ ከወረቀት ብቻ አይገኙም፤ ከጋራዥ ብቻም አይገኙም። ሁለቱ ሲገናኙ ይገኛሉ እንጂ።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከተማችን አይታለች። በ1938 ዓ.ም. በናዝሬት፣ በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ሕንጻ፣ የሜኖናይት ሚሲዮን ሆስፒታል ከፈተ፤ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል መነሻ ይኸው ነው። ሐኪም ጥቂት ስለ ነበረ ወጣቶችን ድሬሰር አድርጎ ማሠልጠን ጀመረ። ወጣቶቹ በመጽሐፍ የተማሩትን በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይሠሩት ነበረ። አያሌዎቹም በየገጠሩና በየትንንሹ ከተማ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ከፍተው ሐኪም ያልደረሰበትን ሕዝብ ረዱ። የኛም ዩኒቬርሲቲ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራውን የጀመረው በቴክኒክ ኮሌጅነት ነው፤ ቆይቶም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ነበር። መፍቻና ብዕርን ማገናኘት ለዚህ ግቢ እንግዳ ነገር ሳይሆን ልደቱ ነው።

«ይህ ሁሉ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በጸደቀው ፖሊሲ የትምህርቱ እርከን ስድስት፣ ሁለትና አራት ሆኗል፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ተጨምሯል፤ በ11ኛና በ12ኛ ክፍልም የሙያ ዘርፎች እንዲገቡ ታስቧል። ደስ ብሎናል። የምንፈራው ግን የ1950ዎቹ ታሪክ እንዳይደገም ነው። ወርክሾፑ በመጽሐፍ ይኖራል፤ በክፍል ውስጥ ግን መምህሩ «መሮ ማለት…» ብሎ ትርጉሙን በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ተማሪውም መሮ በእጁ ሳይነካ ትርጉሙን ሸምድዶ ያልፋል።

ስለዚህ ይህ እንዳይሆን አራት ሐሳቦችን ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የእጅ ሥራ ለሁሉም ይሁን። የወደቀው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም ይሥራ፤ የሐኪሙም የገበሬውም ልጅ በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ። የሠሩትም ነገር ነጥብ ይኑረው፤ በብሔራዊው ውጤት ላይም ይቈጠር። የማይፈተን ትምህርት በአገራችን እንደ ጨዋታ ይቈጠራልና።

ሁለተኛ፤ ትምህርቱ ልጁ ከሚያውቀው ቃል ይነሣ። የኦሮሚያ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ ትምህርት ቤት ያለውም በአማርኛ ተምሮ በ9ኛ ክፍል በአንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛ ይወረወራል። በመንገድ ላይ ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ እያለ ያደገ ነው። የአፋን ኦሮሞውን፣ የአማርኛውን፣ የጋራዡንና የእንግሊዝኛውን ቃል ጎን ለጎን የያዘች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ብትዘጋጅ ስንት ልጅ ከመውደቅ ትታደግ ነበረ!

ሦስተኛ፤ መምህሩ ይታሰብ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ ትምህርቱ ከሳተላይት ወረደ፤ መምህሩም ብዙውን ክፍለ ጊዜ ቆሞ ተመልካች ሆነ። መምህሩን ያለፈ ለውጥ ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን በየክረምቱ ጥቂት ሳምንት በፋብሪካ፣ በጋራዥ፣ በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከል ይዋሉ፤ ባለሙያውም በተራው ወደ ክፍል ይጋበዝ፤ «መምህር» ተብሎም ይከበር።

አራተኛ፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጥቂት ክፍል ለየከተማው ይተው። የሞጆ ልጅ ኬሚስትሪን ከቆዳ ፋብሪካው፣ የባቱ ልጅ ባዮሎጂን ከሐይቁና ከአበባ እርሻው፣ የአሰላ ልጅ ከገብስና ከብቅል፣ የመተሐራ ልጅ ከሸንኮራው ይጀምር። መነሻው የሠፈሩ ነገር ይሁን፤ መድረሻው ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። የሠፈሩን ብቻ አስተምሮ እዚያው ማስቀረት የ1966ቱን ስሕተት መድገም ነውና።

መቃወሚያም እንደሚነሣ እናውቃለን። «ማንበብ ያልቻለ ልጅ መፍቻ ምን ያደርግለታል? በቅድሚያ ፊደል ይወቅ» የሚሉ መምህራን አሉ። ጉዳዩ ከባድ ስለ ሆነ አናቃልለውም። ግን ደግሞ የዘይቱን ቈርቈሮ ጽሑፍ ለማንበብ የፈለገ ልጅ ማንበብ የሚማርበት ምክንያት አለው። «ገንዘቡስ?» የሚሉም አሉ። ለሁሉም ትምህርት ቤት ሙሉ ወርክሾፕ መሥራት ዛሬ አይቻልም። ነገር ግን የተጣለ የባጃጅ ሞተር፣ የተበላሸ ሬዲዮና አንድ ሜትር ብዙ ያስተምራሉ።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቻችን፤

መንግሥት ይህን ያድርግ፣ ሚኒስቴሩ ያን ያድርግ ብለን ብቻ ብንበተን ራሳችን የነቀፍነውን ዐይነት የተማረ ሰው ሆነን እንቀራለን። ስለዚህ የኛን ድርሻ እንናገር። ከመጪው ወር ጀምሮ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት በከተማው ትምህርት ቤቶች ለመዋል ፈቃደኞች ነን። ያችን አራት ዐምድ ያላትን የቃላት መጽሐፍም መሰብሰብ እንጀምራለን። አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ፣ ጋራዥ ያደገ፣ ከፋብሪካ ቤተሰብ የመጣ ሁሉ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። መምህራኖቻችን ደግሞ እንድታርሙን እንለምናለን፤ በሐሳባችን የማትስማሙም ተቃውሟችሁን በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጻፉልን።

ያ የጋራዥ ልጅ ወደ ፊት ይፈተናል። ያልፍ ወይም አያልፍ እንደ ሆነ አናውቅም። ነገር ግን ቢያልፍም ባያልፍም ትምህርቱና ሥራው አንድ ነገር መሆናቸውን አውቆ እንዲወጣ ማድረግ እንችላለን። ይህን ካደረግን ከዘጠና ሰባቱ አንድ ልጅ ቀነስን ማለት ነው። ዘጠና ስድስት ይቀሩናል።